የአገር ስም ለሰው፣ የሰው ስም ለአገር

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሴት ልጅ ወልደናል። ባለቤቴ «ኤፍራታ እንበላት» አለ፤ እኔም ወደድኩት። አማቴ ግን የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸውና «ኤፍራታ እኮ ወረዳ ነው! ልጅ በወረዳ ስም ይጠራል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ክርክሩ አላልቅ ስላለ ለእርስዎ ጻፍኩ። የአገር ስም ለሰው ይሆናል? ለምንስ ለሴት ብቻ የሚሰጥ ይመስላል? አንድ ስም የሰውም የቦታም ሲሆን በንግግር በምን ይለያል? ደግሞ ቤተልሔም የምትባል ጎረቤት አለችን። ስሟን አንዳንዱ አንድ ላይ፣ አንዳንዱ ለያይቶ ይጽፈዋል። የቱ ነው ትክክሉ?

አዲስ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችዎት!

አማትዎ ከመሬት ተነስተው አልተቆጡም። ኤፍራታ በሸዋ የታወቀ የቆየ አገር ነው። ዛሬም ኤፍራታና ግድም የሚባል ወረዳ አለ፤ ከተማው አጣዬ ነው። የዚያ አካባቢ ሰው ስሙን ሲሰማ ቀድሞ አገሩ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ቢገልጡት ኤፍራታ ሴት ሆና ያገኟታል። አንደኛ ዜና መዋዕል 2፥19 ላይ ካሌብ ሚስቱ ዓዙባ ከሞተች በኋላ ኤፍራታን አገባ፤ እሷም ሆርን ወለደችለት ይላል። ያው መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ላይ ሆርን የኤፍራታ በኩር፣ የቤተ ልሔም አባት ይለዋል። «የቤተ ልሔም አባት» ማለት እንግዲህ መንደሩን ያቀና፣ የመንደሩ አለቃ እንደማለት ነው። በሌላ በኩል ዘፍጥረት 35 ላይ ራሔል የሞተችው በኤፍራታ መንገድ ነው፤ ያቺም ቤተ ልሔም ናት ይለናል። ነቢዩ ሚክያስ ደግሞ ሁለቱን ስም አጣምሮ «ቤተ ልሔም ኤፍራታ» ይላታል። ስለዚህ ኤፍራታ ከጥንት ጀምሮ የሴትም የአገርም ስም ናት። ባለቤትዎ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ለአማትዎ ይህችን ጥቅስ ያሳዩልኝ፤ በጨዋ ደንብ ግን፣ «አላልኩም?» በሚል ድምፅ አይደለም።

በመጽሐፉ ውስጥ የበዛው እንዲያውም የሰው ስም ወደ ቦታ ሲሄድ ነው። የመጀመሪያውን ከተማ የሠራው ቃየን ነው፤ በልጁ በሄኖሕ ስም ጠራው። የዳን ነገዶች ከተማ ይዘው በአባታቸው ስም ዳን አሉት። የእስራኤል ንጉሥ ዖምሪ ደግሞ ተራራውን ሳምር ከሚባል ሰው በሁለት መክሊት ብር ገዛና የሠራበትን ከተማ በባለ ርስቱ ስም ሰማርያ አለው። ብሩን የከፈለው ንጉሡ፣ ስሙ የቀረለት ሻጩ! ይሁዳም፣ እስራኤልም፣ ሞዓብም፣ ኤዶምም መጀመሪያ የሰው ስም ናቸው፤ አገር የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። እስራኤል የሚለውን ስም ለወንድ የምንሰጠው ለዚህ ነው። አገሩ ሳይሆን ያዕቆብ ነው ስሙን ያወረሰን።

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ሰዋስው ውስጥ ነው። በዕብራይስጡ ከተማ ሴት ናት። ግእዙም አማርኛውም ይህንኑ ይዘው ከተማን «አንቺ» ይላሉ። ማቴዎስ 2፥6 ላይ ቤተ ልሔም «አንቺ» ተብላ ትጠራለች። ኢየሩሳሌም በማቴዎስ 23 ነቢያትን «የምትገድል» ተብላ ትወቀሳለች። ነቢያቱ «ወለተ ጽዮን» ሲሉ ስለ አንዲት ልጃገረድ ሳይሆን ስለራሷ ስለ ከተማይቱ ነው የሚናገሩት። እኛ ግን ወለተ ጽዮንን የክርስትና ስም አድርገን ለእውነተኛ ልጃገረዶች እንሰጣለን። እዚያ ላይ ጽዮን ኮረብታዋ ወይም ከተማዋ ሳትሆን እመቤታችን ናት። ወንዱም ይወስደዋል፤ ገብረ ጽዮን ይባላል። ከ1314 እስከ 1344 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የነገሡትን ንጉሥ ዓምደ ጽዮን እናውቃቸዋለን።

ሴትነቱ ከቅዱስ መጽሐፉ ስለመጣ ከተሞቹ ሁሉ ወደ ሴት ልጅ አዘነበሉ። ቤተልሔም፣ ኢየሩሳሌም፣ ናዝሬት፣ ቢታንያ እንዲህ ናቸው። ገሊላና ሳሮንም ከተማ ባይሆኑ እነሱን ተከትለዋል። ተራራ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ወንድ ነው የሚያደላው፤ ታቦርን፣ ሊባኖስን፣ ቀርሜሎስን ያስቡ። ደንብ የሚያፈርሰው ዮርዳኖስ ነው። ወንዝ ነው፣ የስሙም መጨረሻ የወንድ ስም መጨረሻ ይመስላል፤ ሆኖም የምናውቃቸው ዮርዳኖሶች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፤ ለእኔ ከሁሉ ወደሚጥመው። ስሙ አንድ ከሆነ በምን ይለያል? በስሙ አይለይም። በዙሪያው ባሉት ቃላት ነው የሚለየው።

አማርኛ የእንቅስቃሴ ግሥ ሲኖር ቦታን ያለ መስተዋድድ ይቀበላል። «ገበያ ሄድኩ»፣ «ጎንደር ገባሁ» እንላለን። ሰውን ግን እንዲህ አናደርገውም። «አበበ ሄድኩ» የሚል የለም፤ «አበበ ጋ ሄድኩ» ነው። ስለዚህ «ናዝሬት ሄድኩ» ያለ ሰው የሄደው ከተማው ነው። «ናዝሬት ጋ ሄድኩ» ካለ ቡና የምታፈላለት ሰው አለች ማለት ነው። አንዲት «ጋ» ሥራውን ትጨርሳለች።

ሁልጊዜ ግን አትጨርስም። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት በግሡ ውስጥ የሚደበቅበት ቋንቋ ነውና «ቤተልሔም ሄደች» ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ቤተልሔም ራሷ ሄዳለች፣ ወይ አንዲት ሌላ ሴት ወደ ቤተልሔም ሄዳለች። «ቤተልሔም ሄደ» ቢሆን ግን ጥርጥር የለም፤ የሄደው ወንድ ነው፣ ቤተልሔምም ቦታ ናት። «ደብረ ታቦር ደረሰ» የሚለውንማ ለተማሪዎች መስጠት ያስደስተኛል። ነሐሴ 13 ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ እየገመዱ ይሉታል፤ በዓሉ ቡሄ ደረሰ ማለት ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደቡብ ጎንደር የተጓዘ ሰው ቤተሰብም ይለዋል፤ ሰውየው ከተማው ገባ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ በአንድ ፊደል እንኳ አይለያይም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይመጣል። ሰፈሩ በቤተ ክርስቲያኑ ይጠራል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በቅዱሱ ስም ይጠራል፤ «ቅዱስ» የሚለው ደግሞ በአፍ ይቀራል። «እስጢፋኖስ ወራጅ አለ!» ሲባል ስሙ እስጢፋኖስ የሆነ ተሳፋሪ አይደነግጥም። እዚህ ላይ «ጋ»ም አያድንም፤ «ዮሴፍ ጋ እንገናኝ» ለሰውም ለቦታም ይሆናል። «ዮሴፍ ተቀበረ» የሚለው ወሬ ደግሞ ዮሴፍ የሚባል ዘመድ ላለው ሰው ቀላል አይደለም። የሞተው ሌላ ሰው ሆኖ በዮሴፍ መካነ መቃብር የተቀበረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ቃል መቆጠብ ጥሩ አይደለም። «ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ» ይበሉ፤ አንድ ሰው ከድንጋጤ ይተርፋል።

«የናዝሬት ልጅ»ም ሁለት ፊት አለው። ናዝሬት የወለደችው ልጅ ሊሆን ይችላል። በከተማ አነጋገር ደግሞ እዚያ ተወልዶ ያደገ ማለት ነው፤ ያ «ልጅ» ሃምሳ ዓመቱ ቢሆንም። መለየት ከፈለጉ ለሁለተኛው «የናዝሬት ተወላጅ» ይበቃል። በነገራችን ላይ የከተማዋ ይፋዊ ስም ዛሬ አዳማ ነው፤ ናዝሬት የተባለችው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ደብረ ዘይትም እንዲሁ ቢሾፍቱ ናት። በጽሑፍ ይፋዊውን ይጠቀሙ፤ የቆየ ሰነድ ሲጠቅሱ ግን እንዳለ ይተዉት።

ሰዎች ራሳቸው ያበጁት መለያም አለ፤ ቁልምጫ። ቤተልሔም ቤቲ ትባላለች፣ ኢየሩሳሌም ጄሪ። «ቤቲ ተሳልሜ መጣሁ» የሚል ተሳላሚ ግን አላጋጠመኝም። «እነ»ም ይረዳል። «እነ ኤፍራታ መጡ» ከተባለ ሰዎች ናቸው። ለቦታ «እነ አዳማ ሙቀታቸው አይጣል ነው» ሲባል ይሰማል፤ እዚያ ላይ ግን «አዳማና መሰሎቿ» ለማለት ነው።

ወደ ጎረቤትዎ ስም ልምጣ። በዕብራይስጡ ሁለት ቃል ነው፤ «ቤት» እና «እንጀራ»። ግእዙ «ቤተ» ብሎ ሲያናብበው፣ ማለትም ከሚቀጥለው ቃል ጋር ሲያያይዘው፣ ለጆሯችን የራሳችን ቃል መሰለ። በአገራችን ይህ ስም ብዙ ባለቤት አለው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተ ልሔም ይባላል። ደቡብ ጎንደር ጋይንት ውስጥ የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ የሆነችው ታላቅ ደብር ቤተ ልሔም ናት። ከዜማው ስልቶች አንዱም በእሷ ተሰይሟል፤ ሌሎቹ ቆማና አጫብር ይባላሉ። ስለዚህ አንድ መሪጌታ «ቤተ ልሔም ነበርኩ» ቢሉ ኢየሩሳሌም አጠገብ ያለችውን ማለታቸው ነው ብለው አይቸኩሉ። ጋይንት ሊሆን ይችላል፤ ከቤተ መቅደሱ ጓሮ ሊሆንም ይችላል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ለቦታውና ለቤተ ክርስቲያኑ ቤት «ቤተ ልሔም» ተብሎ ይለያይ፤ የቃሉ አካል እንዲታይ። ለሰው «ቤተልሔም» ተብሎ ይገጠም፤ የአንድ ሰው ስም ነውና ፎርም ላይ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የአባት ስም ቦታ እንዳይገባ። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ለያይተው የጻፉ ሰዎች ግን የሚያውቁት ጣጣ ነው። ኢየሩሳሌምም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ከተማዋ በ«ኢ» ናት። በ«እ» የተመዘገበች «እየሩሳሌም» ብታገኙ ግን አታርሟት። የከተማዋን ፊደል መጽሐፉ ይወስናል፤ የልጅቷን መታወቂያዋ።

ስለ «ስ» አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስ፣ ቀርሜሎስ የሚሉት ስሞች በዕብራይስጥ «ስ» የላቸውም፤ ያርዴን፣ ሌባኖን፣ ካርሜል ናቸው። «ስ»ዋ የግሪክ ናት፤ ግእዙ ብሉይን ከግሪኩ ስለተረጎመ ነው ይዟት የመጣው። ዛሬ ዜና ላይ «ሊባኖን» እና «ጆርዳን» የምንሰማው ደግሞ በእንግሊዝኛ በኩል የገባው ነው። እኔ ወደ ድሮው አደላለሁ። እህቶቻችን ለሥራ የሚሄዱበትን አገር ሊባኖስ ብንለው ምን ይጎድላል? «ጆርዳን»ን ግን አልጣላም። ዮርዳኖስ ስንል ወንዙ፣ ጥምቀት ላይ የሚባረከው ውኃ፣ ላሊበላ ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለው ቦይና የጎረቤት ልጅ ስላሉ፣ መንግሥቱ የራሱ ስም ቢኖረው ይገላግለናል።

ስም ሲሰጥ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ሁለተኛ ሴት ልጅ ከመጣች ይጠቅምዎታል። መግደላዊት ማርያም የተባለችው በገሊላ ባሕር ዳር ካለችው ከመግደላ ስለሆነች ነው። ብዙ ሴቶች ግን «መቅደላዊት» ተብለው ተመዝግበዋል። መቅደላ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን የጠጡበት የወሎው አምባ ነው። ግራ የተጋባነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ እንግሊዞችም አምባውን «ማግዳላ» ብለው ጻፉትና ጄኔራላቸውን የማግዳላው ሎርድ ናፒየር አሉት። እናት አባት ስሙን የሚሰጡት ለወንጌሏ ማርያም ብለው ከሆነ በ«ግ» ይጻፉት። ለአምባው ብለው ከሆነ ደግሞ በ«ቅ» ይሁን፤ እሱም የሚያኮራ ስም ነው።