ቲማቲሙ ቁመት እንጂ ፍሬ የለውም፤ ምን ዓይነት ማዳበሪያ ልስጠው?

ጥያቄ፦ በግቢዬ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ፎሶሊያ ተክያለሁ። አንድ የሎሚ ዛፍና በዕቃ ውስጥ ያሉ አበቦችም አሉኝ። መሬቱን ትኩስ የከብት ፍግ አልብሼ ነው የዘራሁት። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም በየሁለት ሳምንቱ እፍኝ እፍኝ ዩሪያ እበትናለሁ። ሰላጣው አምሮበታል። ቲማቲሙ ግን ቁመቱ ከእኔ ሲበልጥ ፍሬ አልያዘም፤ ካሮቱ ሁለትና ሦስት እግር አወጣ፤ የአበቦቹም ቅጠል ከጠርዙ እየደረቀ ነው። የትኛውን ማዳበሪያ ብጠቀም ይሻለኛል?

መልስ፦ ሰላጣውን ያሳመረውም ቲማቲሙን ያለ ፍሬ ያስቀረውም ያው ዩሪያዎ ነው። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን ሲሆን ፎስፈረስም ፖታሲየምም የለውም። ናይትሮጂን ቅጠልና ቅርንጫፍ ያበዛል። ከሰላጣ የሚፈለገው ቅጠሉ ስለሆነ ተስማማው፤ ቲማቲም ግን ናይትሮጂን ከተትረፈረፈለት በቅጠል ይጠመዳል እንጂ ለማበብ አይቸኩልም። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመምረጥዎ በፊት ከተክሉ የሚፈልጉት ቅጠሉን፣ ፍሬውን ወይስ ሥሩን እንደሆነ ይለዩ።

በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በሰረዝ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች አሉ። ቅደም ተከተላቸው ሁልጊዜ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም ነው። ዩሪያ 46-0-0፣ ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ 18-46-0 ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ በተከላ ጊዜ ሥሩ ከሚደርስበት ቦታ ይቀበራል። ናይትሮጂን በአንጻሩ ከውኃ ጋር ወደ ታች ስለሚሰርግ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ቢሰጥ ይመረጣል።

ለሰላጣው በዩሪያ ይቀጥሉ፤ እፍኙን ግን ይተዉት። ለአንድ ካሬ ሜትር በአንድ ጊዜ 10 ግራም ይበቃል፤ ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ከተክሉ በግምት 10 ሴንቲ ሜትር ርቀው ጥልቀት የሌለው ቦይ ያውጡ፤ በቦዩ ውስጥ በትነው አፈር ይመልሱበትና ያጠጡ። ላይ ላዩን የተበተነ ዩሪያ ከፊሉ ወደ አሞኒያ ተለውጦ በአየር ይበናል፤ በሰላጣው ልብ ውስጥ የገባ የዩሪያ ፍሬም ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ቲማቲሙን አይንቀሉት። ዩሪያውን ያቁሙ፤ በግንዱና በቅጠሉ ብብት መካከል የሚወጡትን ቀንበጦች ይቀንሱለት፤ ውኃውን ሳያዛቡ ያጠጡት። በአፈሩ ያለው ናይትሮጂን እየቀነሰ ሲሄድ ማበቡ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ሲቋጠሩ ሦስተኛው ቁጥር ከፍ ያለ፣ ማለትም ፖታሲየም የሚበዛበት ማዳበሪያ ይስጡት። በኋላ የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ቢበሰብስ ማዳበሪያ አነሰው ብለው አይጨምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውኃው አንድ ጊዜ በዝቶ ሌላ ጊዜ ስለሚጠፋ ካልሲየም ወደ ፍሬው ሳይደርስ ይቀራል፤ የናይትሮጂን ብዛትም ያባብሰዋል።

የፎሶሊያው ነገር ቀላል ነው። አንዱን በጥንቃቄ ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ። ትንንሽ እባጮች ካሉ አንዱን በጥፍርዎ ይሰንጥቁት፤ ውስጡ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ካደላ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር እየወሰዱ ተክሉን እየመገቡት ነው። ዩሪያ ሲጨመርበት እባጮቹ እየተመናመኑ ስለሚሄዱ ገንዘብዎን ያባክናሉ።

ካሮቱን ያበላሸው በዋናነት ትኩሱ ፍግ ነው። ድንጋይና ደረቅ ጓልም ሥሩን ይከፋፍሉታል፤ ዩሪያው ደግሞ ከሥሩ ይልቅ ቅጠሉን አወፈረው። የሚቀጥለውን ካሮት ባለፈው ወቅት ብስባሽ በተሰጠውና በደንብ በለሰለሰ መደብ ላይ ይዝሩ። ፍጉንም ቢሆን አብላልተው ብስባሽ ካደረጉት በኋላ ብቻ ይጠቀሙ። ትኩስ ፍግ ተሐዋስያን ይዞ ስለሚመጣ፣ በተለይ ካሮትና ሰላጣን ለመሳሰሉ አፈር ነክተው በጥሬ ለሚበሉ አትክልቶች፣ ከመሰብሰባቸው ቢያንስ 120 ቀናት ቀደም ብሎ አፈር ውስጥ መግባት አለበት።

በዕቃ ያሉት አበቦች ላይ የደረሰው የጨው ቃጠሎ ነው። በአፈሩ ገጽ ወይም በዕቃው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ አይጠራጠሩ። ውኃው ከታች በቀዳዳው ፈስሶ እስኪወጣ ደጋግመው በንጹሕ ውኃ ይጠቡት። አዲስ ቅጠል ሲያወጡ ፈሳሽ ማዳበሪያ በመመሪያው ከተጻፈው መጠን በግማሽ አቅጥነው፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ይስጧቸው። ደረቅ ዩሪያ በዕቃ ውስጥ መበተን ግን ፈጽሞ ይቅር።

ለሎሚው ማዳበሪያውን ከግንዱ ሥር አይከምሩት፤ ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት የቅርንጫፎቹ ጥላ በሚያልቅበት ዙሪያ ነው። የዓመቱን መጠን በሦስት ጊዜ ከፍለው እዚያ ይስጡት። ለጋ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ ምልክቱ የብረት እጥረት ነው። ይህ የሚታየው በአብዛኛው አሲድነቱ ዝቅተኛ በሆነ አፈር ላይ ስለሆነ አመድ አይጨምሩበት፤ አመድ አሲድነቱን ይብስ ይቀንሰዋል። አመድና ዩሪያን አንድ ላይ ማደባለቅም ናይትሮጂኑን በአየር ያባክናል፤ አመድ ለሌሎቹ መደቦች መስጠት ካሰቡ ከዩሪያው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያራርቁት።