ምሥጢሩን ከአንባቢ ልሰውረው ወይስ ልንገረው?

ጥያቄ፦ ከሐረጎ ግርጌ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባስቀመጥኳት የፈጠራ መንደር ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ከ18 ዓመት በፊት አንድ ገበሬ ገደል ሥር ሞቶ ይገኛል፤ መንደሩ «አዳልጦት ነው» ብሎ ይቀብረዋል፤ የገደለው ግን በማሳ የሚዋሰነው ጎረቤቱ ነው። ይህን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ደብቄ ለማቆየት ብጥርም ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች መሐሉ ላይ ይሰለቻል ይሉኛል። ውጥረቱን እንዴት አድርጌ ላቆየው?
ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምሥጢሩን በሁለተኛው ምዕራፍ ለአንባቢ ይንገሩት እንላለን። የማን በሬ ከማን ማሳ እንደገባ፣ ዛሬ ከየትኛው ቤት ጭስ እንዳልወጣ በሚታወቅበት መንደር የአንድ ሰው አሟሟት 18 ዓመት ሙሉ ከሁሉም ተሰውሮ ኖረ ቢባል የወሎ አንባቢ አያምንዎትም። እዚያ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ማወቁን ይደብቃል። አንባቢውን እስከ መጨረሻው የሚያስከትለው ገዳዩ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይሆን፣ ማን ቀድሞ ይናገረዋል፣ በየትኛው ሸንጎ ፊትስ ይናገረዋል የሚለው ነው።

ለምሳሌ ቡና ተፈልቷል እንበል። አቦሉ ተቀድቶ ሴቶቹ ስለ ሟች ልጅ እያወሩ ሳለ የገዳዩ ሚስት ነጠላዋን እያስተካከለች ትገባለች። ወሬው ወዲያው ወደ በርበሬ ዋጋ ይዞራል፤ ጀበናውን የያዘችው ሴት ስኒውን ከሁሉም አስቀድማ ለእርሷ ታቀብላለች፤ እርሷም ይህ ጥድፊያ ምን እንደሚሸፍን ስለሚገባት ቶናውን ሳትጠብቅ ትነሣለች። አንባቢው ምሥጢሩን ካላወቀ ይህ ገጽ ስለ ቡና የተጻፈ ሆኖ ያልፋል፤ ካወቀ ግን የእያንዳንዱ ስኒ መነሣትና መቀመጥ ያስጨንቀዋል።

ዝምታው ለምን እንደጸና ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ ፍርሃት ብቻውን ይህን ያህል ዓመት አይቆይምና። እዚህ ላይ ቅሬውን፣ ማለትም የመንደሩን ዕድር፣ ይጠቀሙበት። በወሎ ገጠር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ሐዘን የሚያቆመው ቅሬ አባሉን ሲያገል፣ በተገለለው ሰው ቤት ሞት ቢመጣ አስከሬን የሚያነሣ፣ መቃብር የሚቆፍር አይገኝም። ገዳዩ የቅሬው ዳኛ ቢሆንስ? እውነቱን ልናገር የሚል ሰው ከፍርድ ቤቱ በፊት የሚታየው የገዛ እናቱ ቀብር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሽምግልናውን ሳይነኩት እንዳያልፉ አደራ እንላለን። በወሎ በደም የሚፈላለጉትን የሚያስታርቁ አበጋሮች አሉ፤ ምርቃታቸው የሚናፈቅ፣ እርግማናቸው የሚፈራ ነው። ደሙን ለማድረቅ ገዳይ ገዳይነቱን ማመን፣ የሟች ወገንም ይቅር ማለት አለበት። «አዳልጦት ነው» ተብሎ የተቀበረ ሰው ግን ደመኛ የለውም፤ ደመኛ ከሌለም ዕርቅ የለም። እንግዲህ የሟች ልጅ የገዳዩን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ይላክ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ያውቃሉ፤ ጋብቻውን ቢመርቁ ባልደረቀ ደም ላይ ይመርቃሉ፤ ቢከለክሉ «ለምን?» ሲባሉ የሚመልሱት ይጠፋቸዋል። የመጽሐፉን ግማሽ በዚህ ጭንቀት ላይ ቢያቆሙት አይበዛበትም።

ጊዜም ይረዳዎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚቀጣ ሲሆን፣ ለዚህ ዓይነቱ ወንጀል የክስ ይርጋው 20 ዓመት ነው። ስለዚህ ገዳዩ ሁለት ክረምት ቢሻገር ከክስ ነፃ እንደሚሆን አንባቢው ከፍርድ ቤት ደጃፍ ከተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ አፍ ይስማ።

ስለ መልክዓ ምድሩ ብዙ አይጨነቁ፤ የደሴ ጉምና ሐረጎን ሲወርዱ የሚቀበለው ሙቀት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ። የበልጉ ዝናብ መቅረት ግን ቦታ ይገባዋል፤ እህል ባነሰበት ዓመት ድንበር ላይ ያለችው ስንዝር መሬት ዋጋዋ ይጨምራል፣ የተኛ ቂምም ይነሣል።

ስለ ሟች ሚስት በደብዳቤዎ ምንም አልጠቀሱም፤ ይህ ያሳስበናል። ከሁሉም ቀድማ የምታውቀው እርሷ መሆን አለባት። ባሏ በሞተ በዓመቱ ማሳው ተለክቶ የይዞታ ደብተር ሲሰጣት፣ የገዳዩን ስም በአዋሳኝነት አስመዝግባ በጣት አሻራዋ አጽድቃለች እንበል። ልጆቿ እንዳይራቡ ያን ዓመት መሬቷን ያረሰላት እርሱ ነበርና። የተቀረውን ከማረምዎ በፊት ይህን ምዕራፍ ይጻፉት፤ ቢልኩልን በደስታ እናነባለን።