ቅስቱ የየትኛው ክፍል ነው?

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፈው። ሳሎናችንና መመገቢያ ክፍላችን መሃል በር የለም፣ ሰፊ ቅስት ብቻ ነው ያለው። ሳሎኑ ክሬም ተቀብቶ አልቋል። መመገቢያው አረንጓዴ ይሁን ተባባልን፣ እዚህ ድረስ ሰላም ነበርን። ቀቢው "የቅስቱን ውስጡን በየትኛው ልቀባው? አረንጓዴውስ የት ጋ ይቁም?" ሲለን ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ባለቤቴ ቅስቱን ቡናማ አድርገን እንገላገል ይላል። አራስ ነኝ፣ ልጄ ክርስትና የሚነሳበት 40ኛው ቀን ሊደርስ 3 ሳምንት ነው የቀረው፣ ቤቱ ሰው ሊሞላ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ቀቢሽ ደግሞ ጎበዝ ነው፤ ብዙዎቹ ሳይጠይቁ ነው የሚቀቡት።

የቅስቱን ውስጥ ክሬም አድርጊው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ባለ 15 ብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ ወደ 20 ሳንቲሜትር ይጠጋል፣ ስለዚህ ውስጡ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሁለት ቀለም ቢገናኝ የሚያምርበት ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ላይ ነው። ቅስት ላይ ግን ያሉት ሁለቱም ጠርዞች ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፣ በእጅ የተለሰነ ጠርዝ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይገኝም። አረንጓዴውን ወደ ቅስቱ ውስጥ ካስገባሽው መስመሩ በሳሎኑ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ይወድቃል፣ ያኔ እንግዳው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የልስኑን መንጋደድ ሁሉ ያያል። ክሬሙ ውስጡን ይዞ ሄዶ በመመገቢያው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ካለቀ ግን መስመሩ ከሳሎን አይታይም። የሚታየው የክሬም ቅስትና ከጀርባው ራቅ ብሎ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ካላመንሽኝ እንግዳ የሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ እዪው።

ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። በሮችሽና ዞኮሎሽ ቡናማ ከሆኑ ቡናማ ቅስትም ሊሄድ ይችላል። ካልሆነ ግን ሦስተኛ ቀለም መሃል ላይ ገብቶ ዓይንን እዚያው ያስቆማል፣ ጠቆር ያለ ቀለም ደግሞ ክፍተቱን ያጠበዋል።

አሁን ስለ አረንጓዴው። ክሬም ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ቢጫ አለበት፣ ሌላው ሮዝ አለበት። ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ ብታዪው ወዲያው ይለያል። ቢጫ ያለበት ከሆነ ወይራ የሚመስለው አረንጓዴ ይስማማዋል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው አረንጓዴ አጠገቡ ሲሆን ግን ክሬሙን ያረጀ፣ ጭስ የጠጣ ያስመስለዋል። ካርቶን ላይ ሁለት እጅ አስቀቢና ቅስቱ ላይ አስደግፊው። ጠዋት እዪው፣ 9 ሰዓት ላይ የአዳማ ፀሐይ ሲበረታ እዪው፣ ማታ መብራት አብርተሽም እዪው። ነጭ አምፖልና ቢጫ አምፖል ሥር አንዱ ቀለም ሁለት ቀለም ይሆናል። ከበዛብሽ ሌላ ቀለም አትፈልጊ፣ ያንኑ አረንጓዴ በነጭ አስለዝቢው።

ለመስመሩ፣ ክሬሙ ጠርዙን አልፎ ወደ መመገቢያው ግድግዳ ጥቂት ሳንቲሜትር ይግባ። አንድ ሌሊት ይድረቅ። ከዚያ የቀቢዎቹን የወረቀት ፕላስተር በቅስቱ ውስጥ በኩል ጠርዙን ተከትሎ ይለጥፍና መጀመሪያ የፕላስተሩን አፍ በራሱ በክሬሙ በስሱ ይቀባው፣ ሾልኮ የሚገባ ቀለም ካለ ክሬም ይሆናል ማለት ነው። ያ ሲደርቅ አረንጓዴውን ይቀባል፣ ፕላስተሩን ደግሞ የመጨረሻው እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብሎ ይላጠው። ቀቢው "ሙያ አለኝ፣ በእጄ አወጣዋለሁ" ካለሽ እሺ አትበይው።

ቀለሙን በአንድ ጊዜ ግዢ። 1 ሊትር ለአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፣ በዚያ አስቢው። እኔ ኮሪደሬን ሳስቀባ አንድ ቆርቆሮ አነሰኝና በሳምንቱ ያንኑ ቁጥር ገዛሁ፤ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። አሁንም ድረስ እዚያ ቦታ ላይ ካላንደር ሰቅያለሁ። ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ከሆነ በአንድ ባልዲ ቀላቅሎ ይጀምር።

ደግሞ አራስ ቤት ነውና የዘይት ቀለም አይግባ፣ ሽታው ቶሎ አይለቅም። በውሃ የሚቀጥነው ይበቃል። እሱም ቢሆን ሽታው እስኪጠፋ አንቺና ሕፃኑ ራቅ ያለ ክፍል ሁኑ፣ እናትሽ ጋ መሄድ ከቻልሽ ደግሞ የበለጠ ጥሩ። የአዳማ ነፋስ አቧራ ይዞ መጥቶ እርጥብ ቀለም ላይ ይለጥፋል፤ በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዘግታችሁ የወዲያኛውን ክፈቱ። ቀቢው በዚህ ሳምንት ቢጨርስ ለክርስትናው ሁለት ሳምንት አየር ያገኛል።

ጥያቄ፦ የመኝታ ቤቴ በር በኮሪደር በኩል ነጭ፣ በውስጥ በኩል ግራጫ ሊሆን ነው። የበሩ ጠርዝስ?

መልስ፦ በሩ ወደ መኝታ ቤት የሚከፈት ከሆነ ቁልፍ ያለበት ጠርዝ ግራጫ፣ ማጠፊያ ያለበት ጠርዝ ነጭ። በሩን ክፈትና መጀመሪያ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ቁም፤ ከየቦታው የትኛው ጠርዝ እንደሚታይህ ታያለህ። መቃኑን ግን ለሁለት አትክፈለው፣ ሁሉንም ነጭ አድርገው።