ሦስት ጎማ ወይስ አራት? ስለ ልጅ ጋሪ የጠየቃችሁኝ

ዝናቡ ጋብ ሲል ልጅ ይዞ መውጣት ያምራል። ለዚህ ነው መሰለኝ ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ልጅ ጋሪ የሆኑት። ጋሪ ስል የፈረሱን አይደለም፤ ስትሮለር የምንለውን ነው። በተለይ ባለ ሦስት ጎማውን። ዘመድ ከውጭ ይዞት ይመጣል፣ ወይም ያገለገለ ይገኛል፣ ከዚያ ቤተሰቡ ከብቦት ቆሞ "ይሄ ነገር ለእኛ መንገድ ይሆናል?" ይባባላል። የጻፋችሁልኝን አሳጥሬ፣ መልሴን ከሥሩ አድርጌዋለሁ።

እዚሁ ጅማ፣ ከጊንጆ ሰፈር አንዲት እናት፦ ልጇ 11 ወሯ ነው። ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን ነው፣ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ። "ባለ ሦስት ጎማው ይገለበጣል ይሉኛል። ባለ አራቱ አይሻልም?"

እህቴ፣ ቤትሽ ውስጥ የጅማ በርጩማ ካለ እስቲ ተመልከቺው። ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ሦስት እግር ያለው። ወለሉ ጎርበጥ ቢል እንኳ አይወዛወዝም፤ ሦስቱም እግሮች ሁልጊዜ መሬት ይረግጣሉ። ባለ አራት እግር ወንበር ግን አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ወረቀት አጣጥፈን ከሥሩ የምንወትፈው ለዚህ አይደል? ጋሪም እንደዚያው ነው። ኮብልስቶን ላይ ባለ ሦስቱ አይንገጫገጭም ማለቴ አይደለም፤ ግን ጎማዎቹ መሬቱን አይለቁም።

ይገለበጣል ያሉሽም አልዋሹም። በርጩማው ላይ መሃሉን ትተሽ በሁለት እግሮቹ መካከል ወዳለው ጠርዝ ብትቀመጪ ይዞሽ ይወድቃል። ጋሪውም ከፊት በግራና በቀኝ ባዶ ነው፣ ድጋፍ የለውም። በፍጥነት ስትጠመዝዢው፣ ወይም መንገዱ ወደ ጎን ሲያዘነብል፣ ወደዚያ ባዶ ማዕዘን ይወድቃል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት የኋላ ጎማዎቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ እዪ። ሰፋ ያለው ይሻላል። መቀመጫውም ዝቅ ያለ ይሁን።

ከጎማው ቁጥር በላይ ግን የጎማው መጠን ነው ለአንቺ መንገድ የሚወስነው። ገበያ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይገቡና ቀጥ ይላሉ። እየሄድሽ ጋሪው በድንገት ሲቆም ልጅቷ ወደ ፊት ትወረወራለች። 12 ወይም 16 ኢንች የሆነ፣ አየር የሚሞላ ጎማ ያለውን ፈልጊ። ሞላ ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ። የፊት ጎማው በሁለት መንገድ የሚሠራ ይሁን፤ ለስላሳ ቦታ ላይ የሚዞር፣ ኮብልስቶንና ጭቃ ላይ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆለፍ። መቆለፉን ብዙ ሰው አያውቀውም። የፊት ጎማው እንደ ሰካራም እግር ሲወናጨፍ "ተበላሸ" ይላሉ። አልተበላሸም፣ ቆልፉት።

ለአንቺ መንገድ ባለ ሦስት ጎማው ይሻላል። ጭቃውን ግን ሳይደርቅ እጠቢለት።

ከቦሳ ኪቶ፦ "ለወንድ ልጅ ሮዝ ጋሪ ነውር ነው?"

አይደለም። ፍሬኑ የሚይዝ ከሆነ ግፉበት።

አንድ አባት፦ ልጁ ሁለት ወሩ ነው። እህቱ ከአሜሪካ ባለ ሦስት ጎማ የሩጫ ጋሪ ልካለታለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ጅሬን አቅጣጫ ይሮጣል፣ ልጁንም ይዞ መሮጥ ይፈልጋል። "መቀመጫው ምቹ ነው፣ ትራስ ብጨምርበት ይበቃዋል?"

ወንድሜ፣ አይበቃውም። እባክህ ዛሬም ነገም አታስቀምጠው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም በዚህ ወር ብቻ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አንተ ብቻ አይደለህም።

አራስ ልጅ ሲወለድ ከቁመቱ ሩብ የሚሆነው ጭንቅላቱ ነው። ያን ጭንቅላት የሚሸከም አንገት ገና አልጠነከረም። በሁለት ወሩ በሆዱ ስታስተኛው ቀና ለማለት ይሞክራል፣ ትንሽ ይቆይና ይደክመዋል። አሁን ይህን ልጅ ግማሽ በተቀመጠበት ጋሪ ውስጥ አስበው። ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቃል። አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል። የአየር ቧንቧው ደግሞ ጠባብና ለስላሳ ነው፤ ሲታጠፍ ይዘጋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ድምፅ አለመኖሩ ነው። አያስልም፣ አያለቅስም። የሚገፋው ሰው ከኋላ ሆኖ "ተኝቷል" ይላል። ትራሱ ይህን አያስተካክልም፤ እንዲያውም ከኋላ ገፍቶ አገጩን ይበልጥ ደረቱ ላይ ሊያስጠጋው ይችላል።

ስለዚህ ራሱን ችሎ አንገቱን እስኪይዝና መቀመጥ እስኪጀምር ልጁ የሚጋደምበት ነገር ጠፍጣፋ ይሁን። አንዳንድ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪዎች መቀመጫቸው ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ወይም ከላዩ የሚገጠም የመኝታ ቅርጫት አላቸው። እንደዚያ ከሆነ ለቀስታ ሽርሽር ይሆናል። የሩጫዎቹ ግን ብዙዎቹ አይዘረጉም። የመጀመሪያው የሩጫ ጋሪ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ነው፤ ፊል ቤክለር የሚባል አባት ከልጁ ጋር መሮጥ አምሮት በልጅ ጋሪ ላይ የብስክሌት ጎማ ገጠመ። እንደ አንተ አሰበ ማለት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጊዜው ነው ያልደረሰው።

ሩጫው የራሱ ጣጣ አለው። ጋሪው ሲነጥር ያ ያልጠነከረ አንገት አብሮ ይነጥራል። የሕፃናት ሐኪሞች ቢያንስ 6 ወር እስኪሞላው ጠብቁ ይላሉ፣ አንዳንድ አምራቾች ደግሞ 8 ወር ይላሉ። ከጋሪው ጋር የመጣውን መመሪያ አውጥተህ አንብብ። የ10 ሳምንት ክትባቱ እየደረሰ ነው፤ ያን ቀን የጤና ባለሙያዋን አንገቱን እንድታይልህ ጠይቃት።

ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ከጅሬን ቁልቁለቱን አትርሳ። ሲወጣ ጋሪውን ትገፋዋለህ፤ ሲወረድ እሱ ይጎትትሃል። እጀታው ላይ የእጅ ፍሬን አለው? የእጅ አንጓህ ላይ የምታጠልቀው ማሰሪያስ? ማሰሪያው ለጌጥ አይደለም። አንተ ብትደናቀፍ ጋሪው ብቻውን ቁልቁል እንዳይሄድ ነው። ቁልቁለቱ ላይ አትሩጥ፣ በእርምጃ ውረድ።

እስከዚያ አንተ ሩጥ፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ይተኛ።

አንዲት አያት (በልጅ ልጃቸው እጅ አስጽፈው)፦ "ልጅ የሚያድገው በአንቀልባ ነው። ጋሪ እግሩን ያሰንፈዋል፣ ንገሪልኝ።"

እማማ፣ አንቀልባውን አይተዉት። ጭኖቹን ከፈት አድርጎ ጉልበቱን አጥፎ እናቱ ጀርባ ላይ መሆኑ ለዳሌው መገጣጠሚያ ደህና ነው፣ ልቧንም ይሰማል። ጋሪው በራሱ ግን እግር አያሰንፍም። የሚያሰንፈው ታስሮ መዋል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ ታስሮ አይቆይ ብሏል። እዚያ ውስጥ ጋሪም ተጠቅሷል፣ ጀርባ ላይ መታዘልም ተጠቅሷል። ስለዚህ ሁለታችሁም አውርዱት፤ ምንጣፍ ላይ ይንፏቀቅ፣ ይዳህ።

ከመንደራ ቆጪ፦ "ያገለገለ ልገዛ ነው። ምኑን ልይ?"

ሸራው ታጥቦ ያምር ይሆናል፣ እሱን ተወው። ዘርጋውና መቆለፊያው "ቀጭ" ሲል ስማ፤ ከዚያ በጉልበትህ ተጫነው። ከታጠፈ አትግዛ። ፍሬኑን ያዝና ዳገት ላይ ግፋው። ቀበቶው አምስቱም ማሰሪያ ይኑረው፤ ሁለት ለትከሻ፣ ሁለት ለወገብ፣ አንድ በእግሮቹ መሃል። አንዱ ከጎደለ ሻጩ "ግድ የለም" ቢልህ አንተ ግድ ይኑርህ።

የፊት ጎማውን ለብቻው እይ። በብዙዎቹ ላይ ያለ መፍቻ በእጅ በሚታጠፍ ማጥበቂያ ነው የሚያዘው። በደንብ ካልጠበቀ እየሄደ ይወልቃል። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ አምራች ላይ ክስ ያቀረበው በዚሁ ጉዳይ ነው። ጎማውን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ጎን ነቅንቀው። ከመውጣትህ በፊትም ሁልጊዜ ነቅንቀው።

ጎማው ቢተነፍስስ ብለህ አትስጋ። 12ና 16 ኢንቹ የልጆች ብስክሌት ላይም ያለ መጠን ነው። ካላማዳሪው ይለጠፋል፤ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ይሠራልሃል።

"ባጃጅ ውስጥ ይገባል?"

የፊት ጎማው ወልቆ ከታጠፈ ብዙ ጊዜ ይገባል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩት። ልጁ ግን እናንተ ጭን ላይ እንጂ ጋሪው ውስጥ ተቀምጦ በፍጹም። የልጅ ጋሪ የመኪና ወንበር አይደለም።

ከሂርማታ አንዲት እናት፦ "ዕቃውን እጀታው ላይ አንጠለጥላለሁ፣ እጄ ያርፋል። ባለቤቴ ግን ይቆጣኛል።"

ባለቤትሽ ልክ ነው። ልንገርሽ። ልጄ ዓመት ተኩል ሳይሆናት ከመርካቶ ስመለስ አምስት ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል እጀታው ላይ አንጠልጥዬ ነበር። ቲማቲም ልመርጥ ጎንበስ አልኩና እጄን ለቀቅኩ። ጋሪው ወደ ኋላ ሄደ። የፊት ጎማው ሰማይ እያየ ሲዞር ዛሬም ይታየኛል። የልጄ ጫማ አንዱ ወልቆ ቲማቲሙ ላይ አረፈ። መሬት ሳይደርሱ በጉልበቷ ደግፋ የያዘቻቸው ቲማቲም ሻጯ ናት። ቀበቶው አምስቱም ታስሮ ስለነበር ልጄ አልወጣችም። እኔ ግን እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው እዚያው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ባለ ሦስት ጎማው ከፊት ቀላል ስለሆነ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ዕቃሽን ከመቀመጫው ሥር ባለው ቅርጫት አድርጊ፣ ከዚያ የተረፈውን በእጅሽ ያዢ። ልጁን ስታወጪ ደግሞ አስቀድመሽ ዕቃውን አውርጂ፤ ሚዛን የያዘው የልጁ ክብደት ነው።

"ከፀሐይና ከሰው ዓይን ብዬ ጋሪውን በጋቢ እሸፍነዋለሁ። ጥፋት አለው?"

ሐሳብሽ ይገባኛል፣ እናት ናት እንዲህ የምታስበው። ጋቢው ግን ወፍራም ነው፤ ውስጡ አየር አይዘዋወርም፣ ሙቀቱ ይታመቃል፣ አንቺም ልጁን አታዪውም። የጋሪውን ጣሪያ ዘርጊ፣ ካስፈለገ ስስ ነጠላ በአንድ ጎን ብቻ ጣል አድርጊ፣ ከፊት ክፍት ይሁን። ማጅራቱን በእጅሽ ንኪው። ላብ ካለው ሞቆታል።

"ባለቤቴ ረጅም ነው፣ ሲገፋ ወገቡን ያመዋል።"

እጀታው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ እስከ እምብርቱ ድረስ ከፍ አድርጉለት። ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

የመጨረሻው ከአንዲት ወጣት እናት ነው፦ ልጇ 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። አንገቱ ገና አልጸናም፣ አይቀመጥም፣ አንድ እጁን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ጎረቤቶቿ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ይሏታል። "ከማዝለው ብዬ ባለ ሦስት ጎማ ልገዛለት ነው፣ የትኛው ይደግፈዋል?"

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢው። ጋሪው ይቆይ።

ልጆች አንገታቸውን የሚይዙት 4 ወር አካባቢ ነው። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ደግሞ ጤናማ ልጆች ዘግይተው እንኳ ከ9 ወር ብዙ አያልፉም። ወንድ ልጅ ይዘገያል የሚለው ይህን ያህል ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም። ጎረቤቶችሽ ሊያጽናኑሽ ብለው ነው፣ አትቀየሚያቸው። ግን አትስሚያቸው። ይህ ልጅ በሕፃናት ሐኪም መታየት አለበት፣ ከዚያም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። አንቺም ያጠፋሽው ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጊዜ ዋጋ አለው፤ አእምሮው ገና እያደገ ሳለ የሚጀመር እንቅስቃሴ ይበልጥ ይረዳዋል።

ተራ ጋሪ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ድጋፍ አይሆንም። ሸራው ወደ ውስጥ ያሰምጠዋል፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ስትመግቢውም ትን ሊለው ይችላል። ለእሱ የሚሆን መቀመጫ አለ፤ ራስና ጎን የሚደግፍ፣ በልኩ የሚስተካከል። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ልጁን ዳስሶ ያየው ባለሙያ ነው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ልመርጥልሽ አልችልም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሕፃናት ክፍል አለ። የክትባት ካርዱን ያዢ። የተወለደ ዕለት ምን እንደሆነ፣ ወዲያው አለቀሰ አላለቀሰ፣ ጡት መጥባት ከብዶት እንደነበር የምታስታውሺውን ጻፊና ውሰጂ። እጁን ጭብጥ ሲያደርግ በስልክሽ ቅረጪው፤ ሐኪሙ ፊት ላያደርገው ይችላል። ብቻሽን አትሂጂ፣ እናትሽን ወይም እህትሽን ይዘሽ ሂጂ። እስከዚያ በክንድሽ አንገቱን ደግፈሽ ያዢው። ነገ ጠዋት ሂጂ፣ ከዚያ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።