ፋይበር ገብቶላችሁ ቤት ውስጥ ዋይፋዩ ላስቸገራችሁ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ፣ ገላን፣ አራብሳ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ከከተማው ወጣ ያላችሁ ሰዎች ከስልክ መስመሩ ኢንተርኔት ወደ ፋይበር ስትቀይሩ የምትጠይቁኝ ነገር በዝቷል እና ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ፣ ስራዬም ኔትወርክ መዘርጋት ነው። አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፣ "ፋይበሩ ዘገየ" ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው ፋይበሩ ጋር አይደለም ያለው፣ ከሞደሙ ወዲህ እኛው ቤት ውስጥ ነው።

ጥያቄ (ለገጣፎ)፦ ቤታችን ጂ+1 ነው፣ ሞደሙን ሳሎን ቲቪው ስር አስቀምጠውታል፣ ፎቅ ላይ መኝታ ቤት ዋይፋይ የለም ማለት ይቻላል። ሜሽ የሚባለውን፣ ዋይፋዩን እየተቀባበሉ ቤቱን የሚያዳርሱትን ሳጥኖች፣ ልግዛ?

መልስ፦ ገና ነው ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። መጀመሪያ ላፕቶፕህን በኬብል ቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰክተህ ስፒድ ቴስት አድርግ፣ የከፈልክበት ከመጣ ፋይበሩ ጤነኛ ነው። ያንተ ችግር ሶሌታው ነው፣ አርማታው ከነፌሮው ሲግናሉን ይበላዋል፣ ሞደሙ ከሚያሰራጫቸው ሁለት የዋይፋይ ባንዶች በተለይ 5 ጊጋኸርዙን፣ 2.4ቱ ትንሽ ይሻላል ግን እሱም ዘገምተኛ ነው፣ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ስለሚጨናነቅበት። ሜሽ ብትገዛም ሁለቱ ሳጥኖች የሚነጋገሩት ያንኑ ሶሌታ አቋርጠው ከሆነ ምንም አላተረፍክም፣ ሪፒተር ደግሞ ይባስ፣ ተቀብሎ መልሶ በዛው ባንድ ሲያስተላልፍ ስፒዱ ግማሽ ገደማ ይሄዳል። እኔ ሁሌ የምለው አንድ ኬብል በደረጃው በኩል ወደ ፎቅ አውጡ ነው፣ ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት፣ ከኬብሉ ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ሳጥን፣ ስቀሉ፣ አለቀ። ሞደሙንም ከቲቪው ስር አውጣው፣ ከፍ ያለና ገለጥ ያለ ቦታ ይሁን።

ጥያቄ (አራብሳ)፦ የድሮውን ሞደም ልጣለው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ እንዳትጥይው! የስልክ መስመሯ ቀዳዳ ከእንግዲህ አትጠቅምም እንጂ ዋይፋዩ ይሰራል፣ አክሰስ ፖይንት ይሆንሻል። ኮምፒውተር በኬብል ከድሮው ሞደም ጋር አገናኝተሽ ሴቲንጉ ውስጥ ግቢ፣ የፋይበሩ ሞደም አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የድሮውን 192.168.1.2 አድርጊው፣ ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፊ፣ ከዛ ከድሮው ላን ፖርት (የኔትወርክ ኬብል መሰኪያው) ወደ ፋይበሩ ሞደም ላን ፖርት ኬብል። ዲኤችሲፒውን ካላጠፋሽ ሁለቱም አድራሻ ማደል ይጀምሩና አንዱ ስልክ ይሰራል አንዱ አይሰራም፣ ቀኑን ሙሉ ታብጃለሽ። ብዙዎቹ የድሮ ሞደሞች ፖርታቸው ከ100 ሜጋ በላይ አያሳልፍም፣ ፓኬጅሽ ከዛ በታች ከሆነ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ 25 ሜጋ ከፍዬ ፋይል ሳወርድ 3 ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ተበላሁ?

መልስ፦ አልተበላህም። የምትከፍለው በቢት ነው፣ ዳውንሎዱ የሚያሳይህ በባይት፣ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 አካፍለው።

ጥያቄ (ገላን)፦ እኛ ሰፈር መብራት ይጠፋል። ያኔ ኢንተርኔቱም የቤት ስልኩም አብሮ ይሞታል፣ ድሮ ስልኩ እንኳን ይሰራ ነበር እኮ።

መልስ፦ ልክ ነዎት እናቴ፣ የድሮው ስልክ ኤሌክትሪኩን በመስመሩ ከቴሌ ጣቢያ ያገኝ ነበር፣ አሁን ስልኩ የተሰካው ሞደሙ ላይ ስለሆነ ሞደሙ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ደስ የሚለው ግን ከጣቢያው እስከ ቤትዎ ያለው ፋይበር፣ መሃል ላይ የሚከፋፍለውም ጭምር፣ መብራት የማይፈልግ ነው፣ ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ጣቢያው ካለ ኢንተርኔቱ አለ፣ የሚጎድለው ለሞደሙ ብቻ ነው። ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ሞደሙን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ፣ ይግዙ። ሲገዙ የሞደሙን ቻርጀር ላዩን ያንብቡ፣ ቮልቱ አንድ አይነት መሆን አለበት፣ ብዙ ጊዜ 12 ነው፣ አምፒሩ እኩል ወይ ከዛ በላይ። ፎቅ ላይ አክሰስ ፖይንት ካለ እሱም የራሱን ይፈልጋል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል።

መልስ፦ ኤልኦኤስ የምትለዋ ከሆነች ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ቀጭኗ ገመድ ከሶፋ ጀርባ ተጣጥፋ ወይ በር ቆንጥጧት እንደሆነ እዩ፣ ከሌለ ቴሌ 994 ደውሉ። የፋይበሩን ጫፍ ነቅላችሁ በአይን እንዳታዩ፣ ሌዘሩ አይታይም ግን አይን ሊጎዳ ይችላል፣ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ እባካችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስሯት።

ጥያቄ (ሰበታ)፦ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት አለን፣ ተከራዮች ናቸው፣ 30 ሜትር ቢርቅ ነው። እንዴት ላድርስላቸው?

መልስ፦ በኬብል። እስከ 100 ሜትር ያለችግር ይሄዳል፣ ካት 6 ወይ ካት 5ኢ ይበቃል። ውጪ የሚወጣው ግን ጥቁሩ የውጪ ኬብል ይሁን፣ ተራው ፀሐይ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ቢቻል በኮንዲዊት (በፕላስቲክ ቱቦ) ቅበሩት። መርካቶ ስትገዛ ደግሞ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ፣ ውስጧ ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ ርካሽ ነው ግን ይሰበራል፣ ለረጅም መስመር አትመነው። ባለሙያው ስምንቱንም ሽቦ ይግጠም፣ አራት ብቻ ከገጠመ 100 ሜጋ ላይ ይቆማል። ክረምት መብረቅ ሲበረታ የውጪውን ኬብል ነቅለህ አሳድር፣ መዳብ ስለሆነ ሞደሙን ሊያቃጥልብህ ይችላል፣ ፋይበሩ ራሱ ብርጭቆ ነው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለተከራዮቹ ጌስት ኔትወርክ፣ ከናንተ የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ፣ ክፈትላቸው፣ የራሳችሁን ካሜራና ኮምፒውተር እንዳያዩ። ያ ግን በፋይበሩ ሞደም ላይ የሚከፈተው ብቻ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ላይደርስ ስለሚችል፣ እዛ የምትሰቅለው አክሰስ ፖይንት ጌስት መለየት የሚችል መሆኑን ሳትገዛ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሞደሙን ራሴ ወደ ሌላ ክፍል ላዛውረው?

መልስ፦ የፋይበሩ ገመድ ትርፍ ካለው እና ሳይታጠፍ ከደረሰ አዛውረው። ካልደረሰ እንደ መብራት ሽቦ ቆርጠህ በፕላስተር አትቀጥለውም፣ ባለሙያ በማሽን ነው የሚበየደው። እስከዛ ሞደሙን ባለበት ትተህ ላን ኬብሉን አስረዝም።