ሰፈሩ በሊያም ተሞላ፦ ስም ልታወጡ ለተዘጋጃችሁ ወላጆች

የምኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። አራስ ጥየቃ መሄድ አልተውኩም፤ እውነቱን ለመናገር ገንፎውም ይስበኛል። አንድ ነገር ግን አንገፍግፎኛል። ሕፃኑን አቅፌ «ማን አላችሁት?» ስል መልሱን ሳልሰማ አውቀዋለሁ። ወንድ ከሆነ ሊያም፣ ኖዋ፣ ወይ ኢታን። ሴት ከሆነች ኦሊቪያ ወይ ሚያ። ፈገግ ብዬ «ያሳድግላችሁ» እልና እወጣለሁ። ዛሬ ግን የሆዴን እናገራለሁ፤ የሚቀየም ይቀየም።

1. ወረቀቱ

ሆስፒታል ሳላችሁ ፎርም ይመጣላችኋል። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ቤት ሆናችሁ ወስኑ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩንም እዚያው ፎርም ላይ ጠይቁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡ፤ በኋላ ማስተካከሉ ጣጣ ነው። ላስት ኔም በሚለው ቦታ የአባትየው ስም ይግባ ወይስ የአያትየው፣ ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንዱን ልጅ በአባቱ፣ ሌላዋን በአያቷ አስመዝግበው፣ ወንድምና እህት ናቸው እያሉ ለትምህርት ቤት ሲያስረዱ የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ።

2. ፋሽን ነው የምትከተሉት

የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሕፃናት ስም ዝርዝር ያወጣል። መረጃው ከ1880 ይጀምራል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከወንዶች ሊያም ከ2017 እስከ 2024 አንደኛነቱን የነጠቀው የለም። ከሴቶች ከ2019 እስከ 2024 ኦሊቪያ ነበረች። ከእሷ በፊት ኤማ፣ ከኤማ በፊት ሶፊያ ነበረች። ጄኒፈር ደግሞ ከ1970 እስከ 1984 ድረስ መሪ ነበረች። ዛሬ ሕፃን ልጅ ጄኒፈር ስትባል እምብዛም አትሰሙም። ጄኒፈሮቹ አሁን ወገባቸውን የሚያማቸው አለቆቻችሁ ናቸው።

ስም በትንሽ ነገር ይወጣል፣ በትንሽ ነገር ይወርዳል። ሸርሊ ቴምፕል የምትባል ትንሽ ልጅ በፊልም አገሩን ባሳበደችበት ጊዜ፣ በ1935 ሸርሊ የሚለው ስም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀ በኋላ ደግሞ ካትሪና ብሎ የሚሰይም ጠፋ። አሌክሳም እንደዚያው ሆነች። አማዞን ስሙን ለሚያወራው ዕቃው ከሰጠው በኋላ፣ በልጁ ስም መብራት ማጥፋት የሚፈልግ ወላጅ የት ይገኛል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በ1880 ከ100 ወንድ ሕፃናት 8 ያህሉ ጆን ይባሉ ነበር። ዛሬ አንደኛ የሚባለው ሊያም እንኳ ከ100 አንድ ገደማ ነው። ፈረንጁ ልጁ ከክፍል ጓደኛው ጋር ስም እንዳይጋራ ሌት ተቀን ይጨነቃል፤ ፊደል ይቀያይራል፣ ከሌላ አገር ቋንቋ ይዋሳል። እናንተ ክፍሉ ውስጥ ማንም የሌለውን ስም ከእናት ከአባታችሁ ወርሳችሁ፣ እሱ ወደሚሸሸው ትሮጣላችሁ። ቅርብ ጊዜ አንድ ልደት ላይ አንዷ እናት ከኬኩ አጠገብ ቆማ «ሊያም! ና ጫማህን አድርግ!» ብትል ሦስት ልጆች ዞሩ። ሦስቱም የሐበሻ ልጆች። የእሷ ልጅ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም፤ ሶፋ ሥር ገብቶ ፊኛ እያፈነዳ ነበር።

ሀገር ቤትስ ፋሽን የለም? ሞልቶ! አብዮት የሚባል ሰው ካገኛችሁ ዕድሜውን አትጠይቁት፤ ከ1974 ወዲህ የመጣ ነው። ገብሬና ወልዴ የሞላበት ቤት በአንድ ትውልድ ናትናኤልና ቤተልሔም ሆነ፣ ቀጥሎ ሶሊያና፣ ኤልዳና፣ ኖሃሚን መጡ። አዲስ አበባ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆማችሁ ስሙ፣ ዘመኑን ትሰማላችሁ። ልዩነቱ፣ እዚያ የሚወጣውን ስም አያት መጥራት ትችላለች።

የሁለት ቤት ስም አልቃወምም። ሃና፣ ሊያ፣ ናኦሚ፣ ኤደን፣ አቤል፣ እዚህም ያስኬዳሉ፣ እዚያም። ካሌብም አለ፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የነገሠው ንጉሥ ስም ነው። ትምህርት ቤት ኬሌብ ይበሉት፣ ግድ የለም። ቤቱ ሲገባ ግን ካሌብ በሉት። እናትየዋ ራሷ ወጥ እያማሰለች «ኬሌብ፣ ካም ሂር» ስትል መስማት ነው እኔን የሚገድለኝ።

3. «ሥራ አያገኝም» ለምትሉ

ፍርሃታችሁ ከመሬት ተነሥቶ አልመጣም። በ2004 የታተመ ታዋቂ ጥናት አለ። ቦስተንና ቺካጎ ላሉ ቀጣሪዎች የውሸት ሲቪ ተላከ፤ ስሙ ብቻ ተቀያየረ። የነጭ የሚመስል ስም ያለው 10 ሲቪ ልኮ አንዴ ሲጠራ፣ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል ስም ያለው አንዴ ለመጠራት 15 መላክ ነበረበት። ይህን አልክድም።

ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ሊያም ያላችሁት ልጅ ላስት ኔሙ ወልደሚካኤል ነው። ማንን ልታታልሉ ነው? ደግሞስ ለኢንተርቪው የሚገባው ፊቱን ይዞ አይደለም?

ሙስሊም ወገኖቻችንን ተመልከቱ። የነቢዩን ስም ለማውጣት የመምህሯን ምላስ አይጠብቁም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በ2023 ከወንድ ሕፃናት ስም አንደኛ የወጣው ሙሐመድ ነው። እንግሊዞቹም ለመዱት፤ ምን አማራጭ አላቸው? ቶሮንቶ ተወልዶ ዓለም ዘ ዊኬንድ እያለ ያወቀው ዘፋኝም በዚያው ዓመት ማኅበራዊ ገጾቹ ላይ ስሙን አቤል ተስፋዬ አደረገው። እናቱ ሥራ ላይ ስትውል ያሳደጉት፣ አማርኛም ያስተማሩት አያቱ ናቸው። አያት ስል ንዴቴ ተነሣ።

4. አያቶቹ

የአንድ ወዳጄ እናት ምራታቸውን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን መጡ። አብሽና በሶውን፣ ቅቤውን ተሸክመው። ልጁን ጄይደን ብለውታል። እማማ ሳምንቱን ሙሉ ሞከሩ። ጃይዳን አሉ፣ ጀዳን አሉ። ምራትየዋ ክፋት የላትም፣ እየሳቀች ታርማለች፤ «እማዬ፣ ጄይ፣ ደን!» በመጨረሻ ተዉትና ማሙሽ ማለት ጀመሩ። ሀገር ቤት ሲመለሱ ጎረቤት ተሰብስቦ «የልጅ ልጅዎ ማን ተባለ?» ሲላቸው መልሳቸው ምን እንደነበር ልጃቸው ነው የነገረኝ። «የፈረንጅ ስም ነው፣ ይጠፋኛል።»

እኚህ ሴት ለልጆቻቸው ሁሉ ስም ያወጡ ናቸው። አንድ ልጅ ሞቶባቸው ቀጥሎ የመጣውን ምትኩ ብለዋል። ስም ማውጣት እኛ ዘንድ የአያት፣ የአክስት፣ የጎረቤት ሥራ ነበር፤ ሁሉም የየራሱን አውጥቶ አንዱ ይጸና ነበር። አሁን ባልና ሚስት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስልክ ላይ ዝርዝር ያያሉ፣ ፌስቡክ ላይ ድምፅ ያሰጣሉ። የማያውቁት ሰው ሁሉ ሲጠየቅ እናት አትጠየቅም።

ክርስትና ታስነሳላችሁ እኮ! ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን፣ ነጭ በነጭ ለብሳችሁ፣ ፎቶ አንሺ ቀጥራችሁ። ገብረ እገሌ፣ ወለተ እገሊት ይባላል። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ በቃ። ልጁን ስምንት ዓመት ሲሞላው «የክርስትና ስምህ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ትከሻውን ይሰብቃል።

ተገደው ስማቸውን ያጡ ወገኖች አሉን። በ1984 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል የገቡት ብዙዎቹ ስማቸው በመዝጋቢና በአስተማሪ እጅ ወደ ዕብራይስጥ ተቀየረ። ካደጉ በኋላ የአማርኛ ስማቸውን መልሰው የያዙ አሉ። አረብ አገር የሄዱ እህቶቻችንስ? ሥራ ለማግኘት ብለው ፓስፖርታቸው ላይ የሙስሊም ስም ያስጻፉ ክርስቲያኖች ስንት ናቸው? አልማዝ ሆና ከቤቷ ወጥታ፣ በሰው ቤት ፋጡማ እየተባለች ዓመታት የቆጠረች። ስንቷ እህታችን ናት በስሟ የሚጠራት አጥታ የኖረችው! እናንተን ማን አስገደዳችሁ? የትኛው አሠሪ? የትኛው መዝጋቢ?

እናቴ ስሜን ለምን እንዳወጣችልኝ ሳልጠይቃት አረፈች። ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው የለኝም፤ የሚያውቅ ሰውም አልቀረም። የእናንተ እናት ግን ስልክ ታነሣለች። ሰባተኛው ወር ላይ ደውሉና «እማዬ፣ ማን እንበለው?» በሉ። አትወዱት ይሆናል። አያልነሽ ወይም ሺበሺ ትላችሁ ይሆናል። ተከራከሩ፣ ሌላ ጨምሪ በሉ፣ ከሰጠቻችሁ ውስጥ ምረጡ። ምክንያቱንም አስነግራችሁ ድምፅዋን ቅረጹ። ያን ድምፅ ልጁ 20 ዓመት ሲሞላው ራሱ ይፈልገዋል፤ ፍለጋ የመጡ ልጆች አይቻለሁ፣ ወላጆቻቸው የሚሰጧቸው አጥተው ሲያፍሩም አይቻለሁ።

5. ልጁ ቀድሞ ሊያም ከሆነ

ፍርድ ቤት አትሂዱ። ቤት ውስጥ የሚጠራበት ስም ስጡትና ሳታሰልሱ ጥሩት። አራት፣ አምስት ዓመት ልጅ ሁለት ስም ያለ ችግር ይይዛል። አሥራ አምስት የሞላው ግን ዓይኑን ያጉረጠርጥባችኋል።

ገና የምታወጡት ደግሞ ጽዮንም በሉ፣ ቃልኪዳንም በሉ፣ አትፍሩ። መምህሯ አንድ ሁለት ቀን ትሳሳታለች፣ ልጅቷ ታርማታለች፣ ይለመዳል። «አጭር ስም የላትም?» ብላ ከጠየቀቻችሁ፣ የላትም በሉ።