«ባለቤቴ ማታ ማታ ይጠጣል፤ የልጄ አንጎል ተጎድቶ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ሁለተኛ ክፍል ነው። መምህሩ «ልቡ እዚህ የለም፤ ደግሞ ትንሽ ነገር ያስደነግጠዋል» አሉኝ። ባለቤቴ ሥራውን የማያጎድል ሰው ነው። ግን ማታ ማታ አረቄ ይጠጣል፣ ሲመጣም ይጮኻል። አይመታንም። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ መለኪያ ካልቀመሰ አይረጋጋም። እኔ ጠጪ አይደለሁም፤ ነገር ግን ማርገዜን ሳላውቅ ሠርግ ቤት ጠላ ጠጥቻለሁ። እናቴ «የአባቱ ደም ነው፣ ምን ይደረጋል» ትለኛለች። የልጄ አንጎል ተጎድቶ ይሆን? ከተጎዳስ ይስተካከላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቁኝ አንድ ነገር ቢመስልም ውስጡ ሦስት ነገር አለ። ልጁ በማህፀን ሳለ የደረሰው፣ ከአባቱ የወረሰው እና አሁን በየማታው ቤት ውስጥ የሚያየው። ሦስቱም አንጎልን ይነካሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወደ ኋላ ተመልሰን መለወጥ አንችልም። ሦስተኛውን ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ መለወጥ ይቻላል። እንደጻፉልኝ ከሆነ፣ ልጅዎን አሁን በይበልጥ እያስቸገረው ያለውም ይኸው ሦስተኛው ይመስለኛል።

ከጠላው ልጀምር፤ እያስጨነቀዎ እንደሆነ ያስታውቃል። እናት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። የፅንሱ ጉበት ገና ስላልጠና አልኮሉን ቶሎ ማስወገድ አይችልም። መጠጡ ሲበዛና ሲደጋገም የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ከሞት የተረፉትም በትክክል ላይያያዙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኬኔዝ ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ የሲያትል ሐኪሞች፣ ብዙ ከሚጠጡ እናቶች በተወለዱ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ምልክቶችን አይተው ለሕመሙ ስም አወጡለት። አጠር ያለ የዓይን ስንጥቅ፣ ስስ የላይኛው ከንፈር፣ ከአፍንጫ ሥር ያለው ስርጉድ መስመር መጥፋት፣ አነስ ያለ ራስ እና የዘገየ እድገት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ ትኩረትና ትምህርት ብቻ የሚያስቸግራቸው ልጆችም አሉ።

አንድ ሰሞን ጠላ የጠጣች እናት ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ ትወልዳለች ማለት አይደለም። ጉዳቱን የሚወስኑት መጠኑ፣ ድግግሞሹና ጊዜው ናቸው። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ግን ይህን ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ማንም ሊወቅስዎ አይገባም። ወደፊት ካረገዙ ደግሞ ጠላም ሆነ ጠጅ ይቅርብዎ። ለእርጉዝ ሴት «ይህን ያህል ምንም አይልም» የሚባል መጠን የለም። ዘመድ ቤት «ካልቀመስሽ» ብለው ግድ ካሉዎ ያልፈላ ብርዝ ይበቃል።

«የአባቱ ደም ነው» የሚሉት እናትዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ለአልኮል ሱስ ከሚያጋልጡ ነገሮች ወደ ግማሽ የሚጠጋው ድርሻ የዘር ውርስ ነው። ሄንሪ ቤግላይተር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ ሱሰኛ አባት ያላቸውን ከ7 እስከ 13 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች የአንጎል ሞገድ ለክቶ ነበር። ልጆቹ መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ሆኖም አዲስ ነገር ሲያዩ የሚነሳው ሞገድ ከሌሎች ልጆች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የፐርዱና የኢንዲያና ተመራማሪዎች፣ አንጎል ከከባድ ሥራ ወደ ዕረፍት ሲሻገር የሚያደርገው ለውጥ ሱሰኛ ወላጅ ባላቸው ሰዎች ላይ ደካማ መሆኑን አሳዩ። ይህም የሆነው ሰዎቹ ራሳቸው ጠጡም አልጠጡም ነው።

ታዲያ «ምን ይደረጋል» የሚለው ቃል ልክ አይደለም። የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ ሱሱ አይደለም። በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ ልጆችን ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ጠጪ ወላጅ ከነበራቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከባድ ችግር ሳይገጥማቸው ለ18 ዓመት በቅተዋል። ደህና የሆኑት በሕፃንነታቸው በቂ እንክብካቤ ያገኙት ናቸው። በሌሎችም ጥናቶች የሚታየው ይኸው ነው። ቢያንስ አንድ የሚተማመኑበት ሰው ያላቸው ልጆች ይቋቋሙታል፤ ያ ሰው እናትም አያትም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። አባት ወደ በሩ ሲቃረብ ልጁ አረማመዱን ያዳምጣል። ዛሬ የሚመጣው የትኛው አባት ነው? የሚስቀው ወይስ የሚጮኸው? ልጅዎ ይህን ለመገመት በየማታው እንደ ዘበኛ ነቅቶ ይጠብቃል። በዚህን ጊዜ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አደጋ መኖሩን ያሳውቃል፤ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም በደሙ ውስጥ ይጨምራል። አልፎ አልፎ ቢሆን ሰውነት ራሱ ይረጋጋል። በየማታው ሲሆን ግን አንጎል መደንገጥን ይለምዳል። መማርና ማስታወስን የሚያግዘው ሂፖካምፐስ ይጨናነቃል። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ትኩረትንና ስሜትን የሚገዛው ክፍልም ሥራውን በደንብ መሥራት ያቅተዋል። መምህሩ ያዩት «ልቡ እዚህ የለም» እና «ትንሽ ነገር ያስደነግጠዋል» ከዚህ ጋር ይገጥማል።

እንቅልፉስ? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ መተኛት አለበት። ማታ አራት ሰዓት ተኝቶ ስድስት ሰዓት ላይ በጩኸት የሚነቃ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢፈዝ ምን ይገርማል?

ለጥያቄዎ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ አዎ፣ ብዙው ሊስተካከል ይችላል። የግንባሩ ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ይሄዳል። ቤቱ ሲረጋጋ ልጁም ይረጋጋል።

ልጁ ባልዎ ከመምጣቱ በፊት እራቱን በልቶ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተቻለ ከሳሎኑ ራቅ ብሎ ይተኛ። ከመተኛቱ በፊት አሥር ደቂቃም ቢሆን አጠገቡ ይሁኑ፤ ተረት ይንገሩት፣ ቀኑ እንዴት እንደዋለ ይጠይቁት። ስለ አባቱም በግልጽ ያናግሩት። «አባትህ መጠጥ አሞታል። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። እሱን ማስተው ያንተ ሥራ አይደለም» ይበሉት። ልጆች ሳይነገራቸው ሲቀር ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ነው የሚወስዱት።

አረቄ እንዲገዛ ልጁን መላክ ይቁም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። በዓል ሲሆን «ይቅመስ እንጂ» የሚሉ ዘመዶችንም እምቢ ይበሉ። ከ15 ዓመታቸው በፊት የጀመሩ ልጆች እስከ 21 ዓመት ከቆዩት ይልቅ በአራት እጥፍ ገደማ ለሱስ ይጋለጣሉ። እንደ እርስዎ ልጅ ውርስ ላለበት ይህ የበለጠ ያሳስባል።

ስለ ባለቤትዎ የጻፉት አንድ ነገር አሳስቦኛል፤ የጠዋቱ መንቀጥቀጥ። ሰውነቱ አልኮልን ለምዶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይህ ይገድላል። ስለዚህ ተናደው አረቄውን አይድፉበት። ጠበል መሄድ ከፈለገ ይሂድ፤ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ የሚሰጠውን መድኃኒትም አያቋርጥ። ሐኪም ቤት ዲያዜፓም በመሳሰሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ 1 እየታገዘ በሰላም ማቆም ይቻላል። በአካባቢዎ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ መምጣት ከቻላችሁ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

ሲያነጋግሩት ማታ አይሁን። ጠዋት፣ በረጋበት ሰዓት፣ ስለ ልጁ ይንገሩት። መምህሩ ያሉትን እንዳለ ይድገሙለት። ብዙ አባቶች ስለ ራሳቸው ጤና ሲነገራቸው አይሰሙም፤ ስለ ልጃቸው ሲሆን ግን ጆሮ ይሰጣሉ። የሚያከብረው ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ካለ አብሮ ቢሆን ጥሩ ነው። አይመታንም ብለዋል። እጁን ያነሳ ቀን ግን ልጁን ይዘው ወደ ዘመድ ይሂዱ፤ ለፖሊስም ያመልክቱ።

ልጁንም ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት። ትኩረት የሚያጣ ልጅ ሁሉ ችግሩ ከቤት ብቻ አይመጣም። ጆሮው ወይም ዓይኑ ሊሆን ይችላል፤ ደም ማነስ ወይም ራሱን የቻለ የትኩረት ችግርም ሊሆን ይችላል። የክትባት ካርዱንና የተወለደበት ክብደት የተጻፈበትን ወረቀት ካገኙ ይዘው ይሂዱ። ከአምናና ከዘንድሮ አንዳንድ ደብተሩንም ይጨምሩ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ችግሩ መቼ እንደጀመረ ለሐኪሙ ይጠቁመዋል።